«ወፍ ናት፣ ምን ትሆናለች?»፦ ስለ ቆቅና ጅግራ የተሳሳቱ አመለካከቶች

ክረምቱ ወጥቶ ሀዲያ ያሆዴን፣ ከምባታ መሳላን ሲያከብር፣ በሆሳዕና ዙሪያ፣ በአንጋጫ፣ በዱራሜና በሾኔ ገጠሮች ስለ ቆቅና ጅግራ የሚወራው ወሬም አብሮ ይደምቃል። እረኛው ወጥመዱን ይጠግናል፤ ከከተማ የመጣው እንግዳ «የዱር ወፍ የት ይገኛል?» ይላል፤ በየቤቱ ስለ አያያዙ፣ ስለ አሠራሩና ስለ ጥቅሙ ምክር የማይሰጥ ሰው የለም። ከምክሩ ብዙው ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ እንጂ ማንም ቆም ብሎ የመረመረው አይደለም። የስህተቶቹ ሁሉ ሥር ደግሞ አንድ ነው። ወፏ ትንሽ ስለሆነች ሕግም፣ ጥንቃቄም፣ ሙያም አያስፈልጋትም የሚል አስተሳሰብ ነው። እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው።

«ቆቅና ጅግራ አንድ ናቸው፤ አንዷ ወንድ፣ አንዷ ሴት ናት»

አይደሉም። የተለያየ ቤተሰብ ወፎች ናቸው። ጅግራ ግራጫ ላባዋ በነጭ ነጠብጣብ የተሞላ፣ ራሷና አንገቷ እምብዛም ላባ የሌለው፣ አናቷ ላይ ቀንድ መሰል ጉብታ ያላት፣ በመንጋ የምትሄድ ወፍ ናት። ቆላና ወይና ደጋ ትወዳለች፤ በብላቴ ተፋሰስና በምዕራብ በኩል ወደ ጊቤና ኦሞ ሸለቆ በሚወርደው አገር የምትመቸው እሷ ናት። ቆቅ ግን ቡናማና ዝንጉርጉር ሆና ቁጥቋጦ ውስጥ የምትሸሸግ፣ ከመብረር ይልቅ መሮጥ የሚቀናት ወፍ ናት። በኢትዮጵያ አሥር ያህል የቆቅ ዓይነቶች ሲኖሩ ከፊሎቹ ደገኞች ናቸው። ሦስተኛዋ ድርጭት ከሁሉም ታንሳለች፤ ክብደቷ ከመቶ ግራም ብዙም አይርቅም። ስህተቱ የቆየው ሦስቱም መሬት እየጫሩ ስለሚበሉና ሩቅ ሆኖ ለሚያይ ሰው የዶሮ ዘመድ ስለሚመስሉ ነው።

«ሕጉ ለዝሆንና ለአንበሳ ነው፤ ወፍ ማን ይጠይቃል?»

ይጠየቃል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541 የዱር እንስሳ የሚለው በሰው ያልተላመደና ምግቡን ያለ ሰው እርዳታ የሚያገኝን እንስሳ ሁሉ ነው። ትልቅና ትንሽ፣ ባለ አራት እግርና ባለ ክንፍ ብሎ አይለይም። ያለ ፈቃድ ማደን በዚሁ አዋጅ ከ5,000 እስከ 30,000 ብር መቀጮ ወይም ከአንድ እስከ አምስት ዓመት እስራት፣ አልያም ሁለቱንም ያስከትላል። «በገዛ ማሳዬ የያዝኳት የእኔ ናት» የሚለውም አያዋጣም፤ የመሬት ይዞታ የዱር እንስሳ ባለቤት አያደርግም።

ጠመንጃ የመያዝ ፈቃድም የአደን ፈቃድ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ስለ መሣሪያው የሚናገር ሲሆን በመሣሪያው ምን ሊታደን እንደሚችል የሚወስነው ሌላ ሕግ ነው። ሰው የሚሳሳተው የአደን ሕግ ሲባል የሚሰማው የውጭ አገር አዳኞች በብዙ ሺህ ዶላር ከፍለው ስለሚያድኑት የደጋ አጋዘን ስለሆነ ነው። ሕጉ የሚወራው በትልቁ እንስሳ ይሁን እንጂ የተጻፈው ለሁሉም ነው።

«ደቡብ አፍሪካ ጅግራ እንደ ልብ ይታደናል»

ከሆሳዕናና ከአካባቢዋ ብዙ ወጣት ወደዚያ የሄደ በመሆኑ ይህ ወሬ ከተመላሾች ጋር አብሮ ይመጣል። እዚያም ቢሆን ክፍለ አገሮቹ የአደን ወቅት ይወስናሉ፤ አዳኙ ፈቃድ ያወጣል፤ ከመሬቱ ባለቤትም ይሁንታ ይጠይቃል። ከሩቅ የሚታየው ተኩሱና ጥብሱ እንጂ ከዚያ በፊት የተሞላው ወረቀት አይደለም።

«መስከረምና ጥቅምት ወፏ የምትጣፍጥበት ስለሆነ የአደን ጊዜ ነው»

የዓመቱ ጫጩት ሥጋ ለስላሳ መሆኑ እውነት ነው፤ ስህተቱን ያቆየውም ይኸው ግማሽ እውነት ነው። ነገር ግን የወፍ የማደኛ ወቅት የሚቆረጠው በጣዕም ሳይሆን በመራቢያ ጊዜ ነው። በእንግሊዝና በስኮትላንድ ግራውዝ የሚባለው የሰሜን ወፍ አደን እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ኦገስት 12 ተከፍቶ ዲሴምበር 10 ይዘጋል፤ በእንግሊዝ ቀኖቹ በ1831 የአደን ሕግ ተደንግገዋል። ኦገስት የተመረጠው እዚያ ወፎቹ በጸደይ ፈልፍለው ጫጩቶቻቸው እስከዚያ ስለሚጎለብቱ ነው። ያ ወፍ በአፍሪካ ጨርሶ የለም፤ የቀን መቁጠሪያውም ለእኛ አይሠራም።

በእኛ አገር ቆቅና ጅግራ የሚራቡት ዝናብን ተከትለው ነው። ዝናብ ሣርና ነፍሳትን ያመጣል፤ ጫጩት ደግሞ የምታድገው በነፍሳት ነው። ሀዲያና ከምባታ የበልግም የክረምትም ዝናብ ያገኛሉ። ስለዚህ ማሳው ለምልሞ ወፏ በቀላሉ የምትገኝበት ሰሞን፣ ብዙ ጊዜ እንቁላል የምትታቀፍበት ወይም ጫጩት የምትመራበት ሰሞን ነው። ጅግራ ከ26 እስከ 28 ቀን ትታቀፋለች። በዚያ መሐል እናቲቱ ወጥመድ ከገባች የምትጠፋው አንዲት ወፍ ብቻ ሳትሆን ሥሯ ያለው እንቁላል በሙሉ ነው።

«ቆቅ አታልቅም፤ እንደ አይጥ ትራባለች»

ብዙ እንቁላል መጣል ብዙ ማሳደግ ማለት አይደለም። ከሚፈለፈሉት ጫጩቶች ብዙዎቹ በጭልፊት፣ በሸለምጥማጥ፣ በውሻና በብርድ ያልቃሉ። ከዚህ ሁሉ በላይ የሚጎዳቸው ግን መጠለያ ማጣት ነው። የከምባታ ገጠር በኢትዮጵያ ሕዝብ ተጠጋግቶ ከሚኖርባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። በማሳና በማሳ መካከል የነበረው ቁጥቋጦ ወደ እርሻ ወይም ወደ ባሕር ዛፍ ሲለወጥ ወፏ የምትሸሸግበትን ታጣለች።

ይህ ስህተት የሚቆየው ዓይን ስለሚያታልል ነው። ቁጥቋጦው ሲያንስ የቀሩት ወፎች በቀረችው ጥሻ ይታጨቃሉ፤ ያያቸውም «ኧረ ሞልተዋል!» ይላል። ጅግራም በበጋ ውኃ ፍለጋ በትልቅ መንጋ ትሰበሰባለች፤ በብላቴ ዳር ወይም ወደ ቦዮ ሐይቅ በሚወስደው ሜዳ አንድ መንጋ ያየ ሰው የወረዳውን ጅግራ በሙሉ እዚያ ቦታ ላይ እያየ ሊሆን ይችላል። ቆርኬም በአንድ ወቅት በስምጥ ሸለቆው ሜዳ ሞልቶ ነበር፤ ዛሬ ሰንቀሌን በመሳሰሉ ጥቂት ቦታዎች ብቻ ተጠብቆ የቀረ እንስሳ ነው። በአባይ ሸለቆ የምትኖረው የሃርዉድ ቆቅ ደግሞ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም የትም አትገኝም፤ እዚህ ካለቀች የምትተካበት ሌላ አገር የለም።

«ቆቅ የገበሬ ጠላት ናት፤ ዘር ትጨርሳለች»

አዲስ የተዘራ ማሳ ጭራ እህል መልቀሟ አይካድም። ነገር ግን ምግቧ የሣር ዘር፣ ሥራ ሥር፣ ምስጥና ልዩ ልዩ ትልም ነው፤ ጫጩቶቿ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚበሉት በአብዛኛው ነፍሳትን ነው። በስምጥ ሸለቆ በአውሮፕላን መድኃኒት እስከማስረጨት የሚያደርሰው የእህል ጠላት ግሪሳ ነው፤ ቆቅን ከእሱ ጋር መደመር ትክክል አይደለም። ጥፋቱ በቆቅ የሚላከከው እሷ በቀን ስለምትታይ ነው። ገበሬው ማለዳ ማሳው ሲደርስ ከፊቱ ተነስታ የምትሮጠው ቆቅ ናት፤ ሌሊቱን ሲበሉ ያደሩት አይጥና ቆራጭ ትል ግን ጉድጓዳቸው ገብተዋል።

«የአደን ሥጋ የሚበላ ሰው ዝቅ ያለ ነው»

ይህ ከሁሉም የከፋ ጉዳት ያደረሰ አመለካከት ነው። በሀዲያም በከምባታም ሸክላ የሚሠሩ፣ ቆዳ የሚያለፉና ብረት የሚቀጠቅጡ ወገኖች «ፉጋ» በሚል የስድብ ስም እየተጠሩ ከማዕድ፣ ከጋብቻና ከመቃብር ሲገለሉ ኖረዋል። ለመገለላቸው ሲሰጥ ከነበረው ምክንያት አንዱ የዱር ሥጋ ይበላሉ የሚለው ነው። ያው ማኅበረሰብ ግን አንበሳ ወይም ጎሽ የገደለውን አዳኝ ያሞግስ፣ ይዘፍንለትም ነበር። ስለዚህ ነውሩ ከአደኑ የመጣ አይደለም። ሰዎቹ አስቀድሞ ተገልለው ነበር፤ የሚበሉት ነገር ምክንያት የሆነው በኋላ ነው።

በሃይማኖትም በኩል ቢሆን ክሱ መሠረት የለውም። የኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ከሚከለክላቸው ወፎች መካከል ቆቅም ጅግራም የሉም፤ ዝርዝሩ በአብዛኛው ንስር፣ አሞራና ጉጉት የመሳሰሉትን ይዟል። በእስልምናም የሚከለከሉት በጥፍራቸው የሚነጥቁ አዳኝ ወፎች ናቸው። ሁለቱም ወገን የሚጠብቀው ሥጋው በወጉ መገኘቱንና በፈጣሪ ስም መባረኩን ነው። የሰዎችን እኩልነት በተመለከተም የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 25 ጉዳዩን ዘግቶታል። አመለካከቱ እስካሁን የዘለቀው ማስረጃ ስላለው ሳይሆን፣ አንዱን ከማዕድ ማግለል ሌላውን ከፍ ያለ ስለሚያስመስለው ነው።

«በመርዝ የተያዘች ወፍ አንጀቷ ከወጣ ችግር የለባትም»

አደገኛ ስህተት ነው። በፀረ ተባይ የተለወሰ እህል የበላች ወፍ መርዙ በደሟ ገብቶ ወደ ጉበቷና ወደ ሥጋዋ ይደርሳል። አንጀት ማውጣት የሚያስወግደው ገና ያልተፈጨውን ብቻ ነው፤ መቀቀልም ብዙዎቹን መርዞች አያጠፋም። በዘር ወቅት ሳይታሰብ የሚደርስ አደጋም አለ። ምርጥ ዘር ተብሎ የሚሸጠው በቆሎ ሮዝ ወይም ቀይ ቀለም የሚቀባው በመድኃኒት ስለታሸ ነው። ወፏ ስትበለት አንገቷ ሥር ባለችው የእህል ከረጢት ውስጥ ባለ ቀለም ፍሬ ከተገኘ እሷን መቅበር እንጂ መሥራት አይገባም። ለውሻም አትሰጥም።

ተፈጥሮ ራሱ ማስረጃ አለው። በሜዲትራኒያን ባሕር ዙሪያ የሚያልፉ ስደተኛ ድርጭቶችን የበሉ ሰዎች አልፎ አልፎ ጡንቻቸው በጽኑ ይታመማል። ወፎቹ መርዛማ ተክል በልተው እነሱ ሳይታመሙ ሥጋቸው ሰውን እንደሚመርዝ ይታሰባል፤ ሕመሙም ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። ጤነኛ የምትመስል ወፍ ሁሉ ጤነኛ ሥጋ አላት ማለት አይደለም። እምነቱ የቆየው የበላው ሰው በዚያው ቀን ስለማይወድቅ ነው፤ ከቀናት በኋላ የሚመጣውን ሕመም ከወፏ ጋር የሚያገናኘው የለም።

«የእርሳሱ ፍሬ ተለቅሞ ከወጣ ሥጋው ንጹሕ ነው»

በአደን ጠመንጃ የተመታች ወፍ ውስጥ በዓይን ከሚታዩት ፍሬዎች ሌላ በዓይን የማይታይ የእርሳስ ብናኝ ይቀራል። የዓለም ጤና ድርጅት አቋም ግልጽ ነው፤ እርሳስ በሰውነት ውስጥ «ይህን ያህል አይጎዳም» የሚባልለት መጠን የለውም፤ ይበልጥ የሚጎዳውም የሕፃናትን አእምሮ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከፌብሩዋሪ 2023 ጀምሮ በእርጥብ መሬቶች በእርሳስ ጥይት መተኮስ የከለከለው በከንቱ አይደለም። በተመታችው ቦታ ዙሪያ የጠቆረውንና የደማውን ሥጋ ሰፋ አድርጎ ቆርጦ መጣል ጉዳቱን ይቀንሳል። ለልጅና ለነፍሰ ጡር ግን ጨርሶ አለማቅረብ ይሻላል።

«ሎሚና ጨው ጀርሙን ይገድለዋል፤ ደግሞም የዱር ስለሆነች ንጽሕት ናት»

ሎሚና ጨው ሽታና ዝልግልጉን ያነሳሉ፤ ሥራቸው ይኸው ነው። ሳልሞኔላን የሚገድለው እሳት ነው፤ ሥጋው ከአጥንቱ ሥር ጭምር 74 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መድረስ አለበት። ወፏ በዱር መኖሯም ከዚህ ጀርም ነፃ አያደርጋትም። ሆሳዕና ክትፎና ጥሬ ሥጋ የሚወደድባት ከተማ ስለሆነች የሚደፍር አይጠፋም፤ የወፍ ሥጋ ግን ጥሬም ለብለብም አይበላም። አጥቦ አጥቦ በሎሚ ማሸት እንደ መፍትሔ የሚቆጠረው ንጽሕና በዓይንና በአፍንጫ የሚለካ ስለሚመስል ነው። ጀርም ግን አይታይም፣ አይሸትም።

«ቆቅ እንደ ዶሮ ናት፤ እንደ ዶሮ ወጥ ትሠራለች»

ብዙ ጥሩ ወፍ የሚበላሸው በዚህ ምክር ነው። ቆቅም ጅግራም ጮማ የላቸውም ማለት ይቻላል። ቀኑን ሙሉ ስለሚሮጡ ታፋና ቅልጥማቸው ጅማት የበዛበት ጠንካራ ሥጋ ነው፤ ደረታቸው ግን ስስ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ድስት ውስጥ ከትቶ እኩል ማብሰል ማለት ታፋው ሳይበስል ደረቱን ማድረቅ ነው። ትክክለኛው አሠራር ቁሌቱ በደንብ ከበሰለ በኋላ ታፋ፣ ቅልጥም፣ ክንፍና ጀርባውን አስቀድሞ ጨምሮ በዝግታ ማብሰል፣ ደረቱን ግን ወጡ ሊወጣ ሩብ ሰዓት ያህል ሲቀረው መጨመር ነው። ሥጋው ጮማ የሌለው በመሆኑ ንጥር ቅቤው መሳሳት የለበትም። ቆቅን እንደ ዶሮ ለአሥራ ሁለት ብልት ማውጣትም አይገባም፤ ቀጫጭን አጥንቷ ይሰባበርና ወጡ ውስጥ ይበተናል። በመገጣጠሚያዋ ላይ ጥቂት ቦታ መበለቱ ይበቃል።

ከማብሰል በፊት ዕድሜዋን ማወቅ ያስፈልጋል። ወንዱ ቆቅ ከእግሩ በስተኋላ ሹል አለው፤ የወጣቱ አጭርና ዱልዱም ሲሆን የሽማግሌው ረዝሞ እንደ እሾህ ይወጋል። የታችኛው መንቁር በጣት ሲጫኑት የሚለመጥ ከሆነ ወፏ ወጣት ናት። በጅግራ ደግሞ አናቷ ላይ ያለው ቀንድ ትንሽ ከሆነ የዓመቱ ጫጩት መሆኗን ያሳያል። ወጣቷ ለሁለት ተሰንጥቃ፣ ጨው፣ ሚጥሚጣና ቅቤ ተቀብታ በለዘበ ከሰል ላይ ትጠበሳለች፤ ቆዳዋ ካልተገፈፈ ሥጋዋ አይደርቅም። አሮጊቷን ጥብስ ማድረግ ጥርስን ማስቸገር ነው፤ እሷ የወጥ ናት። አጠገቧ ቆጮ፣ አይብና ዳጣ ከቀረበ ሌላ ማባያ አያሻትም።

ስህተቱ የመጣው ከሱቅ ዶሮ ልማድ ነው። የእርባታ ዶሮ ሥጋ ሁሉም ለስላሳ ስለሆነ እንዴትም ቢሠሩት ይበላል፤ የዱር ወፍ ግን ሙያ ትጠይቃለች።

«እንደ ፈረንጆቹ ለቀናት ተሰቅላ ትለስልስ»

በአውሮፓ የአደን ወፍ ለቀናት የሚሰቀለው በብርድ ወራት በቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ነው። በጊቤ ሸለቆ ሙቀት የተሰቀለች ወፍ አትለሰልስም፣ ትበሰብሳለች። ሆድ ዕቃዋ ወዲያው ይወጣል፤ ማቀዝቀዣ ባለበት ቤት አንድ ሁለት ቀን ብታድር በእርግጥ ትለሰልሳለች፤ በሌለበት ቤት ግን በዕለቱ መሠራት አለባት።

«ሥጋዋም እንቁላሏም መድኃኒት ነው»

የዱር ወፍ ሥጋ ፕሮቲኑ ብዙ፣ ጮማው ጥቂት የሆነ ጥሩ ምግብ ነው፤ አስም ወይም ስኳር የሚፈውስ ነገር ግን የለበትም። በኬንያ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2013 እና 2014 የድርጭት እንቁላል የማያድነው በሽታ የለም ተብሎ ሰው ሁሉ ድርጭት ወደ ማርባት ገባ፤ ብዙም ሳይቆይ ገበያው ወድቆ ብዙ ሰው ከሰረ። የድርጭት እንቁላል አሥር ግራም ያህል ይመዝናል፤ በክብደት ሲተያይ ምግብነቱ ከዶሮ እንቁላል እምብዛም አይለይም። ይህ እምነት የሚቆየው ብርቅ ነገር ኃይል ያለው ስለሚመስል ነው።

«ጅግራ ቤት አትለምድም»

ጥንት የለመደች ናት። በምዕራብ አፍሪካ፣ በተለይ በቡርኪና ፋሶና በጋና፣ የገበሬ ግቢ ወፍ ናት፤ በፈረንሳይና በጣሊያን በሰፊው ለገበያ ትረባለች፤ የጥንት ግሪኮችና ሮማውያንም አርብተዋታል። እኛ ዘንድ አትለምድም የተባለው ከዱር የተያዘች ትልቅ ጅግራ አጥር ዘላ ስለምትጠፋ ነው። የምትለምደው ከእርባታ የተገኘችና ከጫጩትነቷ ግቢ ያደገችው ናት። የታቀፈች የሐበሻ ዶሮ የጅግራ እንቁላል ትፈለፍላለች፤ ከራሷ እንቁላል አንድ ሳምንት ያህል ጨምራ መቀመጥ ብቻ ነው የሚጠበቅባት። ጫጩቶቹ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እርጥበትና ብርድ ስለማይችሉ በሆሳዕና ደጋ ደረቅ ጉዝጓዝና ሙቀት ያስፈልጋቸዋል። ከዶሮ ጋር ሲውሉም የፈንግል ክትባት አይታለፍም። እንቁላሉ ግን ከሕጋዊ አርቢ የተገኘ መሆን አለበት፤ የዱር ጎጆ መዝረፍ ያው አደን ነው።

በበዓል ገበታው ላይ ጅግራ የሚያምረው ሰው ይህን የእርባታ መንገድ ቢይዝ የሕግም የጤናም ችግር አይገጥመውም። አደን የሚፈልግም ፈቃዱን አስቀድሞ ያውጣ፣ ጫጩት የያዘችውን ይለፍ፣ በመርዝ የተያዘችውን አይግዛ፤ ወጥ የሚሠራውም ደረቱን መጨረሻ ላይ ይጨምር። ከእነዚህ ውስጥ ትልቅ ዕውቀት የሚጠይቅ አንድም የለም፤ «ወፍ ናት» ብሎ ማለፍን መተው ግን ያስፈልጋል።